የኤሊ ጥፍር፦ ከመቁረጫው በፊት ወለሉን እንይ

ኤሊ የሚያሳድጉ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ «ጥፍሯን በየስንት ጊዜ ልቁረጥላት?» የሚል ነው። ጥያቄው ከአሳቢነት የመጣ ነው። ውሻ ወይም ድመት ያሳደገ ሰው ጥፍር መቁረጥን የተለመደ እንክብካቤ አድርጎ ስለሚያየው ለኤሊውም ያንኑ ማድረግ ይፈልጋል። ይሁንና እንደ ልቧ የምትንቀሳቀስ፣ መሬት የምትጭርና የሚስማማትን የምትበላ ጤነኛ የየብስ ኤሊ ዕድሜዋን ሙሉ መቁረጫ ሳይነካት ልትኖር ትችላለች። ጥፍሯ ከልክ አልፎ ከረዘመ ያስረዘመው ነገር አለ ማለት ነው። ያን ነገር ብዙውን ጊዜ የምናገኘው በምትረግጠው ወለል፣ በምትበላው ምግብ፣ በአካሄዷ ወይም በውስጥ ደዌዋ ነው። ይህን ሳያጣሩ የቆረጡት ጥፍር ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና ረዝሞ ይገኛል፤ ያስረዘመው ሕመም ከሆነ ደግሞ ሕመሙ በእነዚያ ወራት ሥር ይሰዳል።

የኤሊ ጥፍር እንደ ከብት ቀንድ፣ እንደ ፈረስ ሰኮናና እንደ እኛው ጥፍር ከኬራቲን የተሠራ ነው። ከውጭ የሚታየው ጠንካራ ክፍል ነርቭ ስለሌለው ቢቆረጥ አያምም። ውስጡ ግን ባዶ አይደለም። የመጨረሻዋ የጣት አጥንት ጥፍሩ ውስጥ ትገባለች፤ አጥንቷን ደም ሥርና ነርቭ የበዛበት ሥጋ ይሸፍናታል፤ ኬራቲኑም በዚያ ሥጋ ላይ ተለብጦ ይቀመጣል። መቁረጫ እስከዚያ ከገባ ሕመሙ ብርቱ ነው፣ ደሙም ቶሎ አይቆምም። ይበልጥ የሚያሰጋው ግን በተከፈተው ቀዳዳ የሚገባው ተህዋሲ ነው። አጥንቱ እዚያው ስለሆነ ያመረቀዘ ቁስል ወደ አጥንት ለመዝለቅ ሩቅ መንገድ የለበትም።

ጥፍሩ ከሥሩ ያለማቋረጥ ያድጋል። ጫፉ ደግሞ መሬት ሲረግጥ፣ አፈር ሲጭርና ድንጋይ ሲቧጥጥ ይበላል። ዓይናችን የሚያየው ርዝመት የሁለቱ ልዩነት ነው። ስለዚህ «ረዘመ» ስንል ወይ እድገቱ ከተለመደው ወጥቷል፣ ወይ መበላቱ ቀንሷል፣ አለዚያም ሁለቱም ሆነዋል። በቤት ኤሊ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚያጋጥመው የመበላቱ መቀነስ ነው።

ነገሩን ለመረዳት እግሩን ቀረብ ብሎ ማየት ይበጃል። በስምጥ ሸለቆና በሌሎች ቆላማ ሥፍራዎቻችን የምትገኘውን፣ ቢጫማ ቅርፊቷ በጥቁር ነጠብጣብ የተዥጎረጎረውን ነብርማ ኤሊ እንውሰድ። የፊት እግሮቿ አምስት አምስት፣ የኋላዎቹ አራት አራት ጥፍር አላቸው። ጣቶቿ እንደ እንሽላሊት ጣት ተለያይተው አይታዩም፤ በወፍራም ሥጋና ቆዳ ታጅለው ጥፍሮቹ ብቻ ከእግሩ ጫፍ ተደርድረው ይወጣሉ። ስትራመድ የፊት እግሯን አንስታ ጥፍሮቹን መሬት ላይ ትተክልና ሰውነቷን ትስባለች፤ የኋላ እግሮቿ ከበታች ይገፋሉ። ያን ሁሉ ክብደት ይዞ ዳገት የሚያስወጣት፣ ጉድጓድ የሚያስቆፍራት፣ ብትገለበጥም መሬቱን ቧጥጣ እንድትነሳ የሚረዳት ይኸው ጥፍር ነው። በወጉ የሚበላ ጥፍር ጫፉ ደነዝ፣ ገጹ ፈዘዝ ያለና በጥቃቅን ጭረት የተሞላ፣ መሬት የሚነካው ጎኑም ለጥ ያለ ነው። ያልተበላው ግን ጫፉ ይሾላል፣ ያብለጨልጫል፣ ሲቆይም ወደ ታች ወይም ወደ ጎን መታጠፍ ይጀምራል።

ርዝመቱን በማስመሪያ መለካት ብዙም አይጠቅምም፤ ከዝርያ ዝርያ፣ ከእግር እግርም ይለያያልና። የተሻለው መንገድ ኤሊዋን ደረቅና ጠፍጣፋ ወለል ላይ አስቀምጦ፣ ጎንበስ ብሎ ከጎን እያዩ ጥቂት እርምጃ እንድትራመድ መተው ነው። ጥፍሮቹ መሬቱን ነክተው ጣቶቹ ሳይጣመሙ፣ መዳፏም ከወለሉ ሳይነሳ ከተራመደች ርዝመቱ ልከኛ ነው፤ እጅዎን ይሰብስቡ። ጥፍሩ ጣቱን ወደ ጎን ከገፋው፣ እግሯን ስታሳርፍ ከተንሸራተተች ወይም የምንጣፍ ክር እየያዛት የምትታገል ከሆነ ግን ልኩ አልፏል። እንዲህ ያለው ጥፍር አንድ ቀን ክር ወይም ሽቦ ይዞት ከሥሩ ሊነቀል ይችላል። እስከዚያ ቀንም ቢሆን የጣቶቹን መገጣጠሚያ በየእርምጃው ያጣምማል።

ከዚህ በኋላ ዓይናችንን ወደ ወለሉ እንመልስ። በዱር ያለች ነብርማ ኤሊ ሣርና ቅጠል ፍለጋ የምታካልለው መሬት በሄክታር ይለካል፤ ጠጠር አለው፣ ደረቅ ጭቃ አለው፣ ቋጥኝ አለው። ቤት ስትገባ የምታገኘው ሴራሚክ፣ የለሰለሰ ሊሾ፣ ሰጋቱራ የተነጠፈበት ሣጥን ወይም ውኃ የጠገበ የጓሮ ሣር ነው። አንዳቸውም ጥፍር አይበሉም። ሴራሚኩና ሊሾው እንዲያውም ሌላ ጉዳት አለባቸው፤ ጥፍሩ የሚይዘው ስለሚያጣ እግሮቿ እየተንሸራተቱ ወደ ውጭ ይከፈታሉ።

መፍትሔው ውድ አይደለም። የተጠቀጠቀ አፈር፣ ከፊሉ ገረጋንቲ ወይም ጠጠር ያለበት፣ ትንሽ ከፍታ ያለው ግቢ ከማንኛውም መቁረጫ ይበልጣል። ቦታው ጠባብ ከሆነ ደግሞ እኔ ከሁሉ የምመርጠው ዘዴ ሻካራ ጠፍጣፋ ድንጋይ ምግቧ የሚቀርብበት ቦታ ላይ መትከል ነው። ኤሊ ቅጠል ስትበላ በአፏ ይዛ ራሷን ወደ ኋላ ትጎትታለች፤ የፊት እግሮቿ ያን ጊዜ ድንጋዩን በደንብ ይቆነጥጣሉ። በየቀኑ የሚደረገው ይህ ጉተታ ማንም ሳይነካት ጥፍሯን ይሞርደዋል፤ የአፏንም ጠርዝ አብሮ ያስተካክላል። ወደ ውኃዋ በምትሄድበት መንገድ ላይ ሁለተኛ ድንጋይ ቢጨመር ደግሞ መልካም ነው። ሻካራው ነገር መንገዷ ላይ ይሁን እንጂ ወለሉን ሁሉ አይሸፍን። ግቢው በሙሉ ሻካራ ኮንክሪት ሲሆን፣ በተለይ ከባድ ኤሊ አጥሩን ይዛ ስትመላለስ ከዋለች፣ ጥፍሩ ሥጋው እስኪታይ ያልቃል፤ መዳፏና የሆዷ ቅርፊትም ይላላጣል።

ሙቀትም የዚሁ ሒሳብ አካል ነው። ኤሊ የሰውነቷን ሙቀት የምታገኘው ከአካባቢዋ ነው፤ ሲበርዳት አትበላም፣ አትራመድም። ከቆላ ተይዛ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለችው አዲስ አበባ የመጣች ኤሊ ሐምሌና ነሐሴን አብዛኛውን ጊዜ ጥግ ይዛ ብታሳልፍ አይገርምም። በውጭ አገር አፓርታማ የምትኖረው ደግሞ በተቃራኒው ክረምት ከበጋ ሞቋት ዓመቱን ሙሉ ትበላለች፣ ታድጋለች፤ ግን ሣጥኗ ውስጥ የምትሄድበት የላትም። በአሜሪካ በጣም ከሚለመዱት የቤት ኤሊዎች አንዷ የሆነችው ሱልካታ የኛው የሳሕል ቀበቶ ልጅ ናት፤ የተፈጥሮ መኖሪያዋ ከሴኔጋል ተነስቶ እስከ ኢትዮጵያና ኤርትራ ይዘልቃል። በአገሯ ከሐሩር ለመሸሽ ብዙ ሜትር የሚዘልቅ ጉድጓድ የምትቆፍር እንስሳ ናት። ለመቆፈር የተሠራ እግር ጋዜጣ በተነጠፈበት ሣጥን ውስጥ ሲቀመጥ ጥፍሩ መርዘሙ የሚጠበቅ ነው። ለእሷ የሚያስፈልጋት የምትጭረው አፈር ነው።

ወለሉም ሙቀቱም ደህና ሆኖ ጥፍሩ አሁንም ካስቸገረ፣ የተዛባው የትኛው ጥፍር እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። ሁሉም በእኩል ረዝመው ከተገኙ ጥርጣሬው በእንቅስቃሴ ማነስ ላይ ይውደቅ። ከጥፍሩ ጋር የአፏ ጠርዝም አብሮ ከረዘመ፣ ወይም ጥፍሩ እየተፈረፈረ ከሆነ፣ ከምግብ ጉድለት እስከ ጉበት ሕመም ድረስ መጠርጠር ተገቢ ነው፤ ይህ የእንስሳት ሐኪም ሥራ ነው። የአንድ እግር ጥፍሮች ብቻ ረዝመው የሌሎቹ ልከኛ ከሆኑ ኤሊዋ ያን እግር እየቆጠበችው ነው፦ የቆየ ስብራት፣ ያበጠ መገጣጠሚያ ወይም ሪህ ሊሆን ይችላል። አዎ፣ ኤሊንም ሪህ ይይዛታል፤ ውኃ ማጣትና ለእሷ የማይገባ ፕሮቲን የበዛበት ምግብ፣ ለምሳሌ የውሻና የድመት መኖ፣ ለዚህ ያጋልጧታል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ደግሞ ተቃራኒው ምልክት ነው፦ ከልክ በላይ ያጠረ ጥፍር። የኋላ እግሮቿ ጥፍሮች የላይኛው ፊታቸው ተፍቆ ከተገኘ እግሮቿን እየጎተተች ነው ማለት ነው። የኋላ እግር የሚዝለው በጀርባ ጉዳት ብቻ አይደለም። በሽንት ፊኛ ውስጥ የተጋገረ ጠጠር ወይም ልትጥለው ያቃታት እንቁላል እግሮቿን ሊያዝል ይችላል። ሁለቱም ሕይወቷን የሚያሰጉ ናቸው፤ ሁለቱንም ራጅ ያሳያቸዋል። ጥፍሯን የሚያይ ባለቤት ይህን ቀድሞ ሊደርስበት ይችላል፤ እኔን ስለ ጥፍር ይህን ያህል እንድጽፍ ያደረገኝም በዋናነት ይኸው ነው።

ስለ ምግብ ስናወራ የጆናታንን ታሪክ መጥቀስ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ1832 ገደማ እንደተፈለፈለ የሚገመተው ይህ ግዙፍ ኤሊ ከ1882 ጀምሮ በደቡብ አትላንቲክ በምትገኘው በቅድስት ሄሌና ደሴት ይኖራል። ዓይኑ በሞራ ተሸፍኖ፣ ማሽተትም ተስኖት በነበረበት ጊዜ ሣሩን በወጉ መንጨት አቅቶት፣ የአፉ ጠርዝም ደንዝዞና ተፈረካክሶ ነበር። የእንስሳት ሐኪሙ ጆ ሆሊንስ በየሳምንቱ አትክልትና ፍራፍሬ በእጅ እንዲጎርስ ማድረግ ሲጀምር ጠርዙ ተመልሶ ሹል ሆነ፤ ማንም አልሞረደውም። የአፉም ጠርዝ የጥፍሩም ልባስ ኬራቲን ነው፤ ሰውነት ጥሩ ኬራቲን የሚሠራው ሲመገብ ነው።

ለየብስ ኤሊ ዋናው ምግብ ሣር ነው፤ ሰርዶ፣ ድርቆሽ፣ የቁልቋል በለስ ቅጠል እሾሁ ተነቅሎ፣ ጎመንም አልፎ አልፎ። በምግቧ ውስጥ ካልሲየሙ የፎስፈረሱን ሁለት እጥፍ ያህል እንዲሆን ይመከራል። ዳቦ፣ እንጀራና ሩዝ የእሷ ምግብ አይደሉም፤ ሙዝም በየቀኑ አይደለም። ካልሲየሙን ለመጠቀም ፀሐይ ያስፈልጋታል፤ ፀሐዩ ደግሞ በመስኮት መስታወት በኩል የሚገባው አይደለም፣ ቫይታሚን ዲ የሚያሠራው ጨረር በመስታወት አያልፍም። ቤት ውስጥ ለምትኖር ኤሊ ይህን ጨረር የሚሰጥ ልዩ አምፖል ግድ ነው፤ አምፖሉ ብርሃን እየሰጠም ጨረሩ እያለቀ ስለሚሄድ አምራቹ ባለው ጊዜ ይቀየራል።

መቁረጫ ፈጽሞ የማያስፈልጋቸው፣ ግን የሚቆረጥባቸውም አሉ። ከጆሮዋ አጠገብ ቀይ መስመር ያላት የውኃ ኤሊ ወንዱ የፊት ጥፍሮቹ በተፈጥሮ ረጃጅም ናቸው፤ ሴቷን ሲያማልል ፊቷ ላይ የሚያርገበግባቸው እነዚያን ነው። ረዘሙ ተብለው ሲቆረጡ የሚጎዳው ጤነኛ እንስሳ ነው። ሴት የየብስ ኤሊ ደግሞ የእንቁላሏን ጉድጓድ የምትቆፍረው በኋላ እግሯ ነው። እንቁላል የያዘች ከመሰለዎት የኋላ ጥፍሮቿን አይንኩ፤ መቆፈር ካቃታት እንቁላሉን ይዛ ትቀራለች።

ይህ ሁሉ ታይቶ መቆረጥ ያለበት ጥፍር ከተገኘ እንዲህ ይደረጋል። መጀመሪያ ለብ ያለ ውኃ ጥልቀት በሌለው ሳፋ ውስጥ አድርጎ ኤሊዋን 20 ደቂቃ ያህል ማስቀመጥ፤ ውኃው ከአንገቷ በታች ይሁን። ጥፍሩ ይለሰልሳል፣ ቆሻሻውም ይለቃል። አድርቀው ከተደፋ ጎድጓዳ ሳህን ላይ፣ የሆዷ መሐል ሳህኑ ላይ እንዲያርፍ አድርገው ያስቀምጧት፤ እግሮቿ አየር ላይ ሲቀሩ መሸሽ አትችልም፣ መገልበጥም አያስፈልግም። አንድ ሰው ቅርፊቷን በሁለት እጁ ይያዝ፣ ሌላው እግሯን። እግሯን ከሰበሰበች ጎትተው አያውጡት። ኤሊ ከመጠኗ በላይ ጉልበት አላት፤ በጉተታው የሚጎዳው መገጣጠሚያዋ ነው፣ ትልቅ ከሆነች ደግሞ በእግሯና በቅርፊቷ መካከል የገባ ጣትዎም ይቀጠቀጣል። የኋላ እግሯን በቀስታ ወደ ውስጥ ሲገፉት አንዳንዴ የፊቱ ራሱ ይወጣል፤ ካልወጣ መታገሥ ነው።

ነጣ ባለ ጥፍር ላይ የስልክ መብራት ከጀርባ ሲበራ ሥጋው ቀላ ብሎ ይታያል፤ ከዚያ ራቅ ብሎ መቁረጥ ይቻላል። ጥቁር ጥፍር ግን ምንም አያሳይም። እንዲህ ሲሆን ከጫፉ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ እየቀነሱ በየጊዜው የተቆረጠውን ፊት ማየት ያስፈልጋል። ደረቅና አቧራማ እስከሆነ ድረስ ሙት ኬራቲን ነው፤ መሐሉ ላይ ረጠብ ያለች ጠቆር ያለች ነጥብ ከታየች እዚያው ማቆም ነው። ለትንሽ ኤሊ የሰው ጥፍር መቁረጫ፣ ለመካከለኛዋ የውሻ ጥፍር መቁረጫ ይበቃል። ደነዝ መቁረጫ ጥፍሩን ይሰነጥቀዋልና ስለቱ ይታይ። ልምድ ለሌለው ሰው ግን ከመቁረጫ ይልቅ ሞረድ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ያዘገያል፣ ሥጋው ጋ ሳይታወቅ አይደርስም። የኤሌክትሪክ መሞረጃ የሚጠቀም ሰው ፍጥነቱን ዝቅ አድርጎ ለአፍታ ነካ ነካ ያድርግ፤ ግጭቱ ጥፍሩን ያግለዋል፣ ብናኙም ወደ ሳንባ እንዳይገባ ማስክ ያስፈልጋል። በጣም የረዘመ ጥፍር ውስጥ ሥጋውም አብሮ ረዝሞ ስለሚገኝ በአንድ ቀን ወደ ልኩ መመለስ አይቻልም፤ ጥቂት ቀንሶ፣ ሳምንታት ሰጥቶ፣ እንደገና ጥቂት መቀነስ ነው።

ደም ከመጣ መደናገጥ አያስፈልግም። በንጹሕ ጎዝ ጫን አድርጎ ለአምስት ደቂቃ ያህል ሳያነሱ መያዝ ነው። ከእንስሳት መድኃኒት ቤት የሚገኝ ደም ማቆሚያ ዱቄት ካለ ይነስነስ፣ ከሌለ ንጹሕ የበቆሎ ስታርች ያግዛል። ለቁስል ቡና መነስነስ በብዙ ቤት የቆየ ልማድ ነው፤ እዚህ ግን አይደረግ፣ አመድም አፈርም አይደረግ። ቁስሉ ከአጥንቱ አጠገብ ነው፣ የሚገባበትም ቆሻሻ እዚያው ይቀራል። ደሙ ሲቆም ኤሊዋ አንድ ሁለት ቀን ንጹሕ ጨርቅ ወይም ወረቀት ላይ ትቆይ፣ ወደ አፈሯ አትመለስ። ሩብ ሰዓት ተጭኖ ያልቆመ ደም ሐኪም ይፈልጋል። በቀጣዮቹ ቀናት ጣቷ ቢያብጥ ፈሳሽ መግል እስኪወጣ አይጠብቁ፤ የኤሊ መግል ጠጣር ስለሆነ ብዙውን ጊዜ አይፈስም፣ ውስጡ ተጋግሮ ይቀመጣል፣ የሚያወጣውም ሐኪም ነው።

40 ኪሎ እና ከዚያ በላይ የምትመዝን ሱልካታ ሳህን ላይ አትቀመጥም። በጉልበት ለመያዝ ከመታገል ምግብ ሰጥቶ፣ እየበላች ሳለ ቀስ በቀስ መሞረድን ማስለመድ ይሻላል፤ ያልቻለ ሰው፣ ሐኪም ማደንዘዣ ሰጥቶ እንዲሠራው ያድርግ። ግዙፎቹ የጋላፓጎስና የአልዳብራ ኤሊዎች በዚህ ረገድ አስደናቂ ጠባይ አላቸው። አንገታቸውና የእግራቸው ሥር ሲታከክ አራት እግራቸውን ዘርግተው፣ አንገታቸውን አስግገው ከፍ ብለው ይቆማሉ። በጋላፓጎስ ትንንሽ ወፎች መዥገር የሚለቅሙላቸው በዚህ አኳኋን ቆመው ነው። የእንስሳት ማቆያ ሠራተኞችም ይህንኑ ተጠቅመው እግራቸውን ይመረምራሉ፣ ደም ይቀዳሉ፤ የሚያስገድዳቸው የለም።

ሥራው ሲያልቅ እጅን በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል። ሳፋውም የወጥ ቤት ዕቃ በሚታጠብበት ቦታ አይታጠብ፤ ጤነኛ የምትመስል ኤሊም ሳልሞኔላ ልትይዝ ትችላለች። አሜሪካ ቅርፊታቸው ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሱ ኤሊዎች ለቤት እንዳይሸጡ እ.ኤ.አ. በ1975 የከለከለችው ሕፃናት አፋቸው ውስጥ እየከተቷቸው በዚሁ ተህዋሲ ስለሚታመሙ ነው። በኢትዮጵያ ኤሊ የዱር እንስሳ ናት፤ የዱር እንስሳ መያዝ በሕግ ፈቃድ የሚጠይቅ ጉዳይ መሆኑን ከጫካ አንስቶ ግቢው ለማስገባት የሚያስብ ሰው ይወቅ።

ከተቆረጠ በኋላ በየወሩ ኤሊዋን ያው ጠፍጣፋ ወለል ላይ አቁሞ ከጎን ፎቶ ማንሳት ጠቃሚ ነው። ድንጋዩ ተተክሎ፣ አፈሩ ተስተካክሎ፣ ምግቡ ተሻሽሎ ጫፎቹ እየፈዘዙና እየደነዙ ከመጡ መቁረጫው ሥራ ፈቷል ማለት ነው። ሌሎቹ ሁሉ እየተበሉ አንዱ እግር ላይ ያሉት ብቻ እንደገና ከረዘሙ ግን ሁለተኛ ጊዜ ከመቁረጥዎ በፊት ያ እግር ራጅ ይነሳ።